አባዬ፣ ዋሱ ተገኘ

አባዬ፣ ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። አገሩ ሁሉ አንቱ ሲልህ እኔን «አንተ በይኝ፣ አታስረጂኝ» ብለኸኝ ነበርና ዛሬም ያው አንተ ነህ። ይህን የምጽፍልህ የምሥራች ስላለኝ ነው፤ ለሰው ሁሉ ነግሬ ላንተ ሳልነግር መቅረቴ ከነከነኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። አንተ «ይደርሳል» እያልክ ሦስት ክረምት ያሳለፍከውን የጓሮ በር በአንድ ሳምንት አስቀይራ፣ አሁን ለመጣ እንግዳ ሁሉ እየከፈተች እየዘጋች ታሳያለች። አብሮህ ሃያ ዓመት ከብት የደለለው ጋሽ ሰይድ ጉልበቱን ያመዋል፤ ከከብት ተራ ግን አንድም ገበያ ቀርቶ አያውቅም። ስምህ ሲነሳ አሁንም «ያ ሌባ» ይልሃል፣ ከዚያ ዓይኑን ያብሳል።

ምልክትን የጀመርንበት ክረምት ትዝ ይልሃል? አንተ አንድ ጊዜ ያየኸውን ከብት አትረሳም ነበር። ከብት የጠፋበት ሰው ከወግዲም ከአባይ ቁልቁለትም መጥቶ ምልክቱን ይነግርሃል፤ አንተም እንዲህ ያለች ላም የት ቀበሌ እንዳየህ ትነግረዋለህ። ዓይንህ እየደከመ ሲሄድ ጭንቅ ያዘኝና የስልክ አፕ እንሥራ አልኩህ። የጠፋበት ምልክቱን ይጽፋል፣ ያገኘም ይጽፋል፣ ስልኩ ያገናኛቸዋል። ስሙንም ምልክት አልነው። ኮምፒዩተር የተማርኩት እኔ መጀመሪያ ያስገባሁት ቀለም «ቡናማ፣ ጥቁር፣ ነጭ» የሚል ነበር። እስኪያስልህ ሳቅክ። ቡናማ የሚባል ከብት በዕድሜህ ሸጠህም አሻሽጠህም እንደማታውቅ ነገርከኝ። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ አንተ ስትናገር እኔ ስጽፍ ከረምን፤ ዳማ፣ ቡላ፣ ዳለቻ፣ ቡሬ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦቃ፣ ቀንድ የሌላት ጎዳ፣ የጆሮው ቅድ፣ አረማመዱ ሳይቀር።

አንድ ቀን ደግሞ አፑ የተሠራበትን ማዕቀፍ፣ ሌሎች አዘጋጅተው የሚሰጡትን የአፕ መሥሪያ፣ በኩራት አስረዳሁህ። አንድ ጊዜ የጻፍኩትን በአንድሮይድም በአይፎንም ያስኬድልኛል፤ ገበሬው በኪሱ በያዛት ርካሽ ስልክም ሆነ ሴት ልጁ ከአረብ አገር በላከችለት ውድ ስልክ እኩል ይሠራል፤ ብቻዬን ስለሆንኩም ሁለት ጊዜ የመጻፍ አቅም የለኝም አልኩህ። እስከ መጨረሻው ሰማኸኝና «ዋሱ ማነው?» አልክ። ከብት ተራ ውስጥ ያለ ዋስ በሬ የሚገዛ ሞኝ የለም፤ ከብቱ የተሰረቀ ቢሆን፣ ሻጩ ቢሰወር፣ ተጠያቂ የሚሆን ሰው መቆም አለበት። እኔ የባሕር ማዶ ኩባንያ በነፃ የሚሰጠው ነው አልኩህ። አብሮት የመጣውን ጽሑፍ ተርጉሚልኝ ስትለኝ ግን «ያለ ምንም ዓይነት ዋስትና የቀረበ» የሚል ሆኖ ተገኘ። አቤት ያን ቀን የሳቅክብኝ! ለጋሽ ሰይድ ሳይቀር ነገርክብኝ። እኔም ተናድጄ ይህን ያህል ሰው እየተጠቀመበት ምን ይሆናል አልኩህ።

ሆነ፣ አባዬ። ሙት ዓመትህን ባወጣን በወሩ ኩባንያው ማዕቀፉን ማደስ እንደሚያቆም አስታወቀ። ባለሙያው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ አበቃለት አለ፣ ግማሹ ኧረ ገና ነው አለ። አብራኝ የተመረቀችው ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ደውላ ጥዬው በሌላ እንድጀምር መከረችኝ። እኔ ሳመነታ ስልኮቹ ራሳቸውን አደሱና አንድ የገበያ ቀን ምልክት ሲከፈት ነጭ ገጽ ብቻ ሆነ። ከወግዲ የመጣች ሴት ቦቃ ላሟ ጠፍታባት ስልኬ ላይ ታፈጣለች፤ እኔም አፈጣለሁ፤ ምንም የለም። የላሟን ምልክት ወረቀት ላይ ጽፌ ሸኘኋትና ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ቀብርህ ዕለት እንግዳ ሳስተናግድ ሳላለቅስልህ የቀረሁትን ነው ያለቀስኩት። ካንተ የቀረኝ ያ ሁሉ ዳማና ዳለቻ ነጩ ገጽ ውስጥ የሰጠመ መሰለኝ።

በማግስቱ እልህ ያዘኝ። እልሄን ታውቀዋለህ፣ ካንተ ነው የወሰድኩት። ማዕቀፉ የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ አንባቢ ካለ ይነበባል። መስመር በመስመር አነበብኩት። ችግሩ ሲገኝ ትንሽ ነበር፤ ጽሑፍ ለማሳየት ስልኩን የሚጠይቅበት መንገድ አርጅቶ አዲሶቹ ስልኮች መልስ መስጠት ትተዋል። ማስተካከሉ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ አንዱ ዓይነት ስልክ ላይ ሲቃና ሌላው ላይ ይበላሻል፣ ሌላውን ሳቃና ፊደላችን ይዘበራረቃል። በመጨረሻ ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከፈትኳቸው። ምልክቶችህ በሁለቱም ላይ ቁልጭ ብለው ወጡ፣ አንዱም አልጎደለም። እማዬ ጩኸቴን ሰምታ ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን እየጎተተች መጣች።

ወረቀት ላይ የያዝኩትን የቦቃዋን ላም ምልክት ወዲያው አስገባሁት፤ በቀጣዩ ገበያ ሴትዮዋ ላሟን አገኘች! ሌላ ቀበሌ ያለ ገበሬ ይዞ ጠብቋት ኖሮ፣ ከአረብ አገር በተላከለት ስልክ ምልክቷን አስገብቷል። እልልታዋን ብትሰማው! ደላሎቹ ዋጋ መጥራት አቁመው ዞሩ። ጋሽ ሰይድ «አልሃምዱሊላህ!» ብሎ ዱላውን ወደ ሰማይ አነሳ፤ ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ ለዚህ ነገር ዋሱ ማነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት።

ባዶ ጉራ አይምሰልህ። ያስተካከልኩትን ለሌሎችም እንዲሆን ልኬው ነበር። ኩባንያው ሲተወው ማዕቀፉን በየአገሩ ሆነው በፈቃዳቸው የሚጠብቁ ጥቂት ሰዎች ቀርተዋል፤ እኔንም ከጠባቂዎቹ አንዷ እንድሆን ጠየቁኝ። ነገ ምን እንደሚሆን እነሱም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ቢወድቅ ምልክቶችህን ይዤ ወደ ሌላ እሻገራለሁ፤ ያም ቢወድቅ እንደገና እሻገራለሁ። አልረሳቸውም፣ አንተንም አልረሳህም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። የጠባቂዎቹ ዝርዝር ላይ ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ባሕር ማዶ ያሉት ሰዎች ደግሞ ሰውን በሁለተኛ ስሙ መጥራት ነው የለመዱት። ይህ የኔ ሳይሆን የአባቴ ስም ነው ብዬ ላርማቸው ጀምሬ ነበር፤ ተውኩት። አሁን ጠዋት ጠዋት፣ አይተኸው ከማታውቀው አገር፣ ሰው በስምህ ጠርቶህ ይህን እይልን፣ ይህን አቃናልን ይልሃል። እኔም አቤት እልልሃለሁ።