ከፊት የወደቀችው ዜሮ

ሰኔ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.
ገላን ኮንዶሚኒየም

ይድረስ ለማከብርሽና ለምወድሽ ሥርጉት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እህትሽስ፣ ልጆቿስ ደህና ናቸው? ደሴ ዘንድሮ ብርድ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ወፍራሙን ሹራብሽን ቁም ሳጥን ውስጥ ትተሽው መሄድሽ ትዝ አለኝ። ብደውል እንደማታነሺ ስለማውቅ ነው በወረቀት የምጽፍልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ውኃ አሁንም የሚመጣው ማክሰኞ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም በርሜል እሞላለሁ፤ አንዱ ሳይነካ ሳምንቱ ያልቃል። ጎረቤታችን አሰጋሽ ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር መቼ እንደምትመጪ ትጠይቀኛለች። ቅርብ ነው እላታለሁ።

ሥራ ፈትቻለሁ። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው።

አንቺ ከመሄድሽ በፊት የጀመርኩትን ፕሮግራም ታስታውሻለሽ? መሬታቸው ለግንባታ የተወሰደባቸው ገበሬዎች ምትክ ቦታ ሳያገኙ በፊት የመታወቂያ ቁጥራቸው ትክክለኛ መሆኑን የሚያጣራውን። ቁጥሩ ዐሥር አሃዝ ነው። የመጨረሻው አሃዝ ከፊተኞቹ ዘጠኙ ተሰልቶ ስለሚገኝ፣ አንዷ ብትሳሳት ፕሮግራሙ ወዲያው ይይዛታል። ኮርቼበት ነበር። የካቲት ላይ ጨርሼ ሳስረክብ ከሁለት ሺህ ከምናምን ሰው ስልሳ አንዱን «የተሳሳተ ቁጥር» ብሎ ጣለ። ኃላፊያችን አቶ ተክሌ ስልሳ አንድ ሐሰተኛ ያዝን ብለው ደስ አላቸው። ስማቸው ተሰርዞ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ከተሰረዙት አንዷ ከቱሉ ዲምቱ ማዶ የሚኖሩ እማማ አደሴ የሚባሉ ባልቴት ናቸው። መጀመሪያ የመጡ ቀን ኮምፒውተሩን አየሁና ቁጥርዎ ልክ አይደለም አልኳቸው። «ቁጥሩን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ» አሉኝ። ቀበሌ ይጠይቁ ብዬ ሸኘኋቸው። በሳምንቱ ተመለሱ፤ ያንኑ ደገምኩላቸው። ማሽኑ አይሳሳትም ማለቴንም አልደብቅሽም። በሦስተኛው ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ለምሳ ስወጣ ተነሡና መታወቂያቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ዘረጉልኝ።

«ልጄ፣ ሦስት ጊዜ ስመጣ ያየኸው ያንን መስታወት ነው። እኔን ባታምነኝ እንኳ ወረቀቱን እየው።»

አየሁት። ቁጥሩ በዜሮ ይጀምራል። የድሮው ቀበሌያቸው የሰጣቸው ቁጥሮች ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ዝርዝሩ ኮምፒውተር ላይ ሲጻፍ ሠንጠረዡ የፊቷን ዜሮ ትርፍ አድርጎ ጥሏታል፤ የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ዘጠኝ አሃዝ ሲያይ ሰውየውን ጣለው። ምሳዬን ትቼ ተመለስኩና በስልሳ አንዱም ላይ ዜሮ እየጨመርኩ ሞከርኩ። ሁሉም ልክ ነበሩ።

አቶ ተክሌ ጋ ገባሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ዝርዝሩ ተፈርሞ ወደ በላይ አካል ሄዷል። የሴትየዋን ብቻ ድምፅ ሳላሰማ እንዳስተካክል፣ የሌሎቹ ቅሬታ ሲመጣ እንደሚታይ ነገሩኝ።

«ስህተቱ የማን ነው ቢሉኝ ምን ልበል?» አሉኝ።

«የእኔ፣ የቀናው ነው በሏቸው» አልኩ።

የዚያኑ ቀን በስሜ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ የስልሳ አንዱንም ስም ከሥሩ አያይዤ ለበላይ አካል አስገባሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዝርዝሩ ተነሥቶ አዲስ ተለጠፈ። ሁሉም ገብተዋል። የእኔ ውል ግን አልታደሰም።

እማማ አደሴ እንደገና እንዳይለፉ ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው፤ እስከ ቱሉ ዲምቱ በታክሲ፣ ከዚያ በእግሬ። ይቅርታ ስጠይቃቸው ዱካ አውጥተው አስቀመጡኝ። ሚስት አለህ ወይ አሉኝ። እህቷን ልትጠይቅ ለጥቂት ቀን ሄዳለች አልኳቸው። ስንት ቀን ሆናት ሲሉኝ የጫማዬን አቧራ ማራገፍ ጀመርኩ። ትክ ብለው አዩኝና ወደ ጓዳ ገብተው አይብ በቅጠል ጠቅልለው አመጡ። ለእሷ ነው አሉኝ። ሦስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቆየሁት። ከሚበላሽ ብዬ ብቻዬን በላሁት።

ጥቅምት ላይ ቦርሳሽን ይዘሽ በሩ ላይ ቆመሽ ከእኔ ጋር ማውራት ፈተና እንደመፈተን ነው ብለሽኝ ነበር። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አሳዪኝ አልኩሽ። አሁን ማስረጃ አልጠይቅሽም።

እህትሽን ሰላም በያት፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ያለሽበትን ቤት አምላክ በሰላሙ ይሙላው፤ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ።

አክባሪሽ ባለቤትሽ
ቀናው

ይህን ልረሳው ነበር፦ መታወቂያሽ በሐምሌ መጨረሻ ጊዜው ያልፍበታል። ወረዳ ሄጄ በአንቺ ፈንታ ላሳድሰው ብል፣ ራሷ በአካል ካልቀረበች አይሆንም አሉኝ። የሚያድሱት ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ብቻ ነው። በሌላ ቀን ብትደርሺም ግን ግድ የለም፤ እኔ ቤት ነኝ።