የጋሽ ወልደአረጋይን መደገፊያ ብረት ላስነቀሉልን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የወረዳችን የግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ቀኝ እጅዎ፣ ግራ እጅዎ፣ ሁለቱም ጉልበቶችዎና ወገብዎ እንዴት ሰንብተዋል? ሰው ሲገናኝ በጅምላ «ጤና ይስጥልኝ» ተባብሎ ማለፍ እንደሚበቃው አውቃለሁ፤ ነገር ግን የምማረው ትምህርት የሰውን ጤና በየአካሉና በየተግባሩ ለይቼ እንድጠይቅ ስላስለመደኝ፣ ዛሬ ጠዋት ከአልጋዎ ራስዎ ተነሥተው፣ የሸሚዝዎን ቁልፍ ራስዎ ቆልፈው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሳይሸከምዎ መጸዳጃ ቤት ደርሰው እንደተመለሱ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህ ጸጋ አይለይዎ።

ስሜ ሰብሪና ሙሐሲን ይባላል። ቂርቆስ ተወልጄ ያደግኩ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ሻንጣ የሚሸጥ ነጋዴ ልጅ፣ የኦኩፔሽናል ቴራፒ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። መጀመሪያ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የመጣሁ ቀን በር ላይ የነበሩት ሠራተኛ የትምህርቴን ስም ሰምተው፣ «ኦኩፔሽን» ሥራ ማለት ነው ብለው ወደ ሥራ ዕድል ፈጠራ ክፍል ስለመሩኝ፣ እዚያም ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ በምን ዘርፍ መደራጀት እንደምፈልግ ስለተጠየቅኩ ቅር አላለኝም፤ አባቴም ቢሆን እስከ ዛሬ ለደንበኞቹ ልጄ ነርስ ልትሆን ነው እያለ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ምን እንደምንማር እንዳስረዳዎት ይፍቀዱልኝ።

በመጀመሪያው ዓመት አጥንት፣ ጡንቻ፣ ነርቭና አንጎል ተማርን፤ ሁሉም በሥዕል ያለ፣ ተሸምድዶ የሚያልቅ ነገር ስለነበር ሙያው ቀላል መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት መምህርታችን ሜቲ አንድ ጠዋት ክፍል ገብተው የምንጽፍበትን እጃችንን በፋሻ ጥፍር አድርገው አሰሩና እስከ ማታ እንዳንፈታ አዘዙን። ምሳ ላይ ወጡን ደረቴ ላይ አፈሰስኩ፤ ሻርፔ ተፈትቶብኝ ጓደኛዬ ጠመጠመችልኝ፤ ይህን ሁሉ እየሳቅን አለፍነው። ከሰዓት በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ የሱሪዬን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተኝ ግን ሳቁ ጠፋ። ሰው ጠርቼ አስቆልፌ ከምወጣ እዚያው መቅረትን መረጥኩ፤ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ሹራቤን ወደ ታች ጎትቼ ሸፈንኩትና ወጣሁ። በማግስቱ መምህርት ሜቲ ምን እንደተማርን ሲጠይቁን ብዙዎቻችን ስለ ፈሰሰው ወጥ ብቻ አወራን፤ እሳቸውም ያልተናገርነውን እንደ መልስ ቆጠሩት።

ከዚያ ወዲያ የተማርነው ሁሉ የዚያች ቀን ማብራሪያ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ሰው ውሃ ለመጠጣት እጁን መዘርጋት፣ ጣቱን መክፈት፣ ብርጭቆውን በልክ መጨበጥና ሳያፈስ አፉ ድረስ ማምጣት እንዳለበት እየነጣጠልን አየን። የደከመውን እጅ አስቀድሞ እጅጌ ውስጥ ማስገባትን፣ ሽባ የሆነ ጣት እንዳይኮማተር መደገፊያ መቅረጽን፣ ሕመምተኛውን ምን አመመህ ከማለት ይልቅ ምን ማድረግ ናፈቀህ ብሎ መጠየቅን፣ ጠይቆም መልሱ እስኪመጣ በትዕግሥት መጠበቅን ተማርን። በመጨረሻም አካሉን እንደ ድሮው መመለስ ባይቻል፣ ቤቱንና ደጁን ለሰውየው እንዲመች ማድረግ እንደሚቻል ተማርን። ከእርስዎ ጋር ያስተዋወቀን ይህ የመጨረሻው ትምህርት ነው።

አቤቱታዬን ለመዝገብ ቤት ሠራተኞችዎ እንዲመች በቁጥር ከፍዬዋለሁ።

፩ኛ. ጋሽ ወልደአረጋይ ካዛንቺስ ውስጥ ፀጉር ቤት የነበራቸው፣ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ ማጅራት የሚያውቁ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የደንበኛ ጢም እየላጩ ሳለ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው። ደንበኛው አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ ብድግ ብሎ ባያቅፋቸው ኖሮ ወለሉ ላይ ይወድቁ ነበር። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልታዘዝም አሉ። ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጡ ነበር፤ ባላቸውን ጥለው መሄድ ስላልሆነላቸው ጉሊቱንም ተዉት።

ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት እሳቸው ቤት ነበር። እንደተማርኩት ምን ማድረግ እንደናፈቃቸው ጠየቅኳቸው። መቀሱን ይሉኛል ብዬ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር። እትዬ የሻረግ ከክፍሉ እስኪወጡ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሽንት ቤት ብቻዬን መሄድ» አሉኝ።

የግቢው ሽንት ቤት የጋራ ነው፤ ጥግ ላይ ነው፤ እስኪደርሱበት የተሸራረፈ የድንጋይ ደረጃና ክፍት ቦይ አለ። ጋሽ ወልደአረጋይ በጎረቤት ጎረምሶች ትከሻ ነበር የሚሄዱት። ጎረምሶቹ ካልተገኙ ይታገሣሉ። እንዳያስቸግሩ ብለው ሻይ እንኳን ከግማሽ ብርጭቆ በላይ አይጠጡም ነበር።

ብዙ ሳምንታት ለፋን። ከአልጋ መነሣት፣ በግራ እጅ ቀበቶ መፍታትና መታጠቅ፣ ክብደትን በደከመው እግር ላይ ቀስ በቀስ መጣል። ሲሰለቻቸው በግራ እጃቸው የራሳቸውን ጢም እንዲላጩ አደርግ ነበር፤ ሥራቸው ስለሆነ በዚያ ይጽናናሉ። ደጁ ደግሞ ለሳቸው እንዲመች ማድረግ ነበረብን። እዚያው ግቢ የሚኖረው በያጁ መገርሳ ከተራረፈ የውሃ ቧንቧ በግድግዳው ርዝመት መደገፊያ ብረት በየደልን፤ ጎረቤቶቹም ተረዳድተው ደረጃው ላይ ሲሚንቶ አፈሰሱና ዘቅዛቃ አደረጉት፤ ቦዩንም ከደኑት። ከዚህ የበለጠ ግንባታ አላካሄድንም።

መጀመሪያ ብቻቸውን የሄዱ ቀን የግቢው ሰው ሁሉ እንዳያፍሩ ብሎ ሥራ የያዘ መሰለ። እትዬ የሻረግ የታጠበ ድስት መልሰው ያጥቡ ነበር። ጋሽ ወልደአረጋይ ብረቷን እየጨበጡ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ሄዱ፤ በሩን ዘግተው ቆዩና ተመለሱ። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሻይ ጠየቁ፤ ጠጥተው ሲጨርሱም ድገሙኝ አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት እትዬ የሻረግ ጉሊታቸውን መልሰው ዘረጉ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ደስታ ያለ ፈቃድ በማካሄዳችን ጥፋተኞች መሆናችንን አልክድም።

፪ኛ. ደንብ አስከባሪዎችዎ መጥተው ዘቅዛቃው ላይ በቀይ ቀለም «ይፍረስ» ብለው ጻፉ። እኔም ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ እናንተ መጣሁ። ቤቱ የመንግሥት ስለሆነ ተከራይ የግንባታ ፈቃድ መጠየቅ እንደማይችል በትሕትና ተነገረኝ። ቤቱን ወደሚያስተዳድረው ክፍል ሄድኩ፤ ብረቱ የተተከለው ግቢው ላይ እንጂ ቤቱ ላይ ስላልሆነ እንደማይመለከታቸው አስረዱኝ። ግቢው የማን እንደሆነ ስጠይቅ ወደ እናንተ ተመለስኩ። በእግሬ መሄድ የምችል፣ ደረጃ መውጣት የማይከብደኝ ወጣት በመሆኔ አምላኬን ያመሰገንኩት ያን ጊዜ ነው።

በመጨረሻ ክቡርነትዎ ጋ ገባሁ። ወንበር ሰጥተውኛል፤ አልረሳሁትም። የጋሽ ወልደአረጋይን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩዎት፤ የመምህርት ሜቲን የድጋፍ ደብዳቤም አሳየሁዎት። ስልክዎ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያቋርጠንም አዳመጡኝ። ከዚያም፣ «እህቴ፣ እኛ ሕግ ነው የምናስከብረው፤ ሰውየው ደግሞ ቤተሰብ አላቸው አይደል?» አሉኝ። አዎ፣ አላቸው። ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ፤ እኛ ስንለፋ የከረምነው እኮ ቤተሰባቸው ጉሊቱ ላይ ሳይሳቀቅ እንዲውል ብለን ነበር።

፫ኛ. ሠራተኞችዎ ሊያፈርሱ የመጡ ቀን ጋሽ ወልደአረጋይ ሽንት ቤት ውስጥ ነበሩ።

እኔ አልነበርኩም፤ የነገረኝ መገርሳ ነው። ሰው ውስጥ አለ፣ እስኪወጡ ጠብቁ ብሎ ለምኗቸው ነበር፤ ብዙ ቦታ እንደሚቀራቸው ነገሩት። መዶሻው ሲጀምር ጋሽ ወልደአረጋይ ውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር። በሩን ከፍተው ሲወጡ ብረቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ዘቅዛቃው ፈርሷል፤ የቦዩም ክዳን ተነሥቷል። የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ። ከሚያፈርሱት ልጆች አንዱ፣ እግዜር ይስጠው፣ ልሸከምዎት ብሏቸው ነበር። አይሆንም አሉ። መገርሳ ሊደርስላቸው ሲሮጥ እሳቸው እግራቸውን አንሥተው ነበር፤ ፍርስራሹ ላይ አዳልጧቸው ቦዩ ውስጥ ወደቁ።

ስለዚህ ሠራተኞችዎ መዶሻቸውን አስቀምጠው ከቦዩ ስላወጧቸው የከበረ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ብረቱንም በኤግዚቢትነት ጭነው ስለወሰዱት፣ በጥንቃቄ እንደሚያስቀምጡት አልጠራጠርም።

እትዬ የሻረግ ተጠርተው ከጉሊቱ ሲመጡ፣ ባላቸው ግቢው መሐል ወንበር ላይ ተቀምጠው ጎረቤት ውሃ ያፈስስላቸው ነበር። ራሳቸው ሊያጥቧቸው ሲሞክሩ ጋሽ ወልደአረጋይ እጃቸውን ገፉት። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ገፍተውኝ አያውቁም ነበር ብለው ነገሩኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ሰጥቼ ልጽፈው አልሆነልኝም።

ጋሽ ወልደአረጋይ አጥንታቸው አልተሰበረም። ሐኪሙም ደህና ናቸው አለ፤ እኔም ሁለት ቀን ያህል አመንኩት። ከዚያ ግን ውሃ መጠጣት አቆሙ። በእጃቸው የሰጧቸውን ብርጭቆ ከንፈራቸው ላይ አስነክተው ይመልሱታል፤ ማንንም ላለማስቸገር ያገኙት መላ ያ ነበር። እኔ በየቀኑ እየመጣሁ እለምናቸዋለሁ፤ እሳቸው በየቀኑ ትንሽ ቆይቼ እጠጣለሁ ይሉኛል። እንደዚያ እያሉ ኩላሊታቸው ታመመና ሆስፒታል ገቡ። የተመለሱት በቱቦና በሽንት ከረጢት ነው። አሁን አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይተኛሉ። ጢማቸው አድጓል፤ ምላጩን ባቀርብላቸው አይነኩትም። ባለፈው ሳምንት እንደ ሁልጊዜው ጣቶቻቸውን ላፍታታ ስጀምር ሳይዞሩ፣ «ልጄ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ። እኔ ላይ ጊዜሽን አታጥፊ» አሉኝ።

መምህርት ሜቲ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። ተማሪ መምህሩ ፊት ሲያለቅስ የሚባለውን ነገር ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉና፣ ዛሬ የማስተምርሽ ነገር የለኝም አሉኝ። ሌላ ሕመምተኛ እንድወስድ ጠየቁኝ። እምቢ አልኩ። አልፎ አልፎም ከለገሃር ወደ ካዛንቺስ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ገብቼ፣ ደርሼ የምላቸው ነገር ጠፍቶኝ ሳልወርድ አልፋለሁ። አባቴ አሁን ሱቄ ግቢ፣ ሻንጣ መሸጥ አያስለቅስም ይለኛል።

ክቡር ሆይ፤ እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ለመምሰል ሞክሬያለሁ፤ ከዚህ በኋላ አቅም የለኝም። ብረቱን ይመልሱልን። መገርሳ በራሱ ጊዜ ይተክለዋል፤ ሲሚንቶውን ጎረቤት ያፈስሰዋል፤ ከእናንተ የምንፈልገው አትንኩት የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ቱቦው ሲወጣላቸው እንደገና መሞከር ይችላሉ፤ እግራቸው ገና አልሞተም፣ በሄድኩ ቁጥር እየነካሁ አውቀዋለሁ። ከቆየ ግን ጡንቻው ይከስማል፤ ያን ጊዜ እርስዎ ቢፈቅዱም፣ እኔም ብመረቅ አይጠቅማቸውም። እባክዎ።

የሁለቱ እጆችዎ ብርታት፣ የፊርማዎ ውበትና የማኅተምዎ ድምቀት እየጨመረ እንዲሄድ ከልብ በመመኘት፣ ስላዳመጡኝ ጊዜ ሁሉ በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ እጅ እየነሣሁ፤

ሰብሪና ሙሐሲን
የኦኩፔሽናል ቴራፒ ተማሪ፣ ቂርቆስ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ጸሐፊዎ ስልክ ደውለውልኝ ነበር። ጉዳዩ በድጋሚ ሊታይ እንደሚችል፣ ነገር ግን ውክልና ስለማይቻል ተከራዩ ራሳቸው በአካል ቀርበው ሦስተኛ ፎቅ ላይ እርስዎ ፊት ማመልከቻው ላይ መፈረም እንዳለባቸው አስታወቁኝ። ሊፍት አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ የለም አሉኝ። ጋሽ ወልደአረጋይን ሳማክራቸው ውሰዱኝ አሉ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት መገርሳ በብብታቸው፣ እኔ በእግራቸው በኩል ይዘናቸው እንመጣለን፤ የሽንት ከረጢቱን እትዬ የሻረግ ይይዛሉ። እሳቸው በግራ እጃቸው ፈርመው እስኪጨርሱ ጊዜ ስለሚወስድባቸው፣ ከረጢቱ የሚቀመጥበት ትንሽ ቦታ ከጠረጴዛዎ ላይ እንዲያስለቅቁልን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን።