ኮምፒውተሩ የሞተበት ሰዓት

አይ አባዬ፣ እሱን እንኳን አልቀበልህም። «እጅህ ይሮጣል፣ ዓይንህ ግን አያነብም»፤ ሰው ልጁን እንዲህ ብሎ ነው እንዴ የሚሰናበተው? ያውም ነርሷ እየሰማች! ተናድጄ ወጣሁ፤ ነገ መጥቼ መልሱን እሰጠዋለሁ ብዬ። ሐኪሙ እኮ ከሁለት ቀን በኋላ ይወጣል ብሎን ነበር። በማግስቱ ስመጣ አንተ የለህም። ይኸው አስራ አንድ ወር ሙሉ መልሱን አፌ ውስጥ ይዤ እዞራለሁ።

እንዴት ነህ የኔ አባት? እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ደህና ናት። የጥገና ሱቅህ እዛው ታቦር ሰፈር ነው፣ በሩን ሰማያዊ ቀባሁት። አንተ ብትኖር «ምነው የፀበል ቤት አስመሰልከው» ትለኝ ነበር፣ አውቅሃለሁ። ግን ያምራል። ሰፈሩ በሙሉ ያምራል ብሏል።

ለሰው የማልናገረውን ላንተ ልንገርህ። አንተ ከሄድክ በኋላ ደንበኛው ሳሳ። ስሜንም ቀየሩት፣ «ፎርማት» ነው የሚሉኝ። ኮምፒውተር ቆመ? ፎርማት። ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ጠርጌ እንደ አዲስ መጫን ነው፣ በቃ። በፍጥነት ሀዋሳ ውስጥ የሚስተካከለኝ የለም፣ እሱን ጠላቴም አይክደውም። ግን የሰው ፎቶ፣ የሰው ጽሑፍ አብሮ ይጠረግ ነበር። እማዬ በመጨረሻ ቁርጡን ነገረችኝ። «የአባትህን ስም በየቀኑ ከምታሰድብ፣ ሙት ዓመቱ ሲደርስ ሱቁን ለኮስሞቲክስ ነጋዴው አከራየዋለሁ» አለች። ሰውዬው መጥቶ ግድግዳውን በሜትር ለክቶ ሁሉ ሄዷል። ያንተን ግድግዳ!

እትዬ አስቴርን ታስታውሳቸዋለህ፣ ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ኮፒ ቤት ያላቸውን። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስተይቡት እሳቸው ጋ ነው። ኮምፒውተራቸው በስራ መሃል ድርግም እያለ አስቸገራቸው፤ ሲተየብ ያረፈደው ሁሉ ይጠፋል። ሶስት ሰው አይቶታል። አንዱ ፎርማት አረገው፣ አንዱ ሚሞሪ ቀየረ፣ አንዱ ፓወር ሰፕላይ ቀየረ። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ በባጃጅ ጭነው እኔ ጋ መጡና «እንግዲህ አባትህ ቢኖር ኖሮ…» አሉ። ይቺን ቃል እንዴት እንደምጠላት! «በአንድ ሰዓት አልቋል በሉት» አልኳቸው።

ሁለት ቀን ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ ከፍቼ አዋልኩት። ምንም አይለውም። አድርሼላቸው መጣሁ፤ በማግስቱ ደወሉ። «አንተ ፎርማት፣ እንደገና ሞተብኝ እኮ!» እሳቸውም ፎርማት!

ልጠርገው እጄ በላኝ፣ አልዋሽህም። ግን ውስጡ የስንት ተማሪ ጽሑፍ አለ። ያኔ የግማሽ ሉክ ወረቀትህ ነገር ትዝ አለኝ። «ማሽን ዝም ብሎ አይወድቅም፣ ጽፎ ነው የሚወድቀው» ትል ነበር። ሎጉን፣ ማሽኑ የደረሰበትን ሁሉ ከነሰዓቱ ራሱ የሚጽፍበትን። ለደንበኛው ግማሽ ወረቀት ትሰጣለህ፣ የሞተበትን ሰዓት እንዲጽፍልህ፤ ከዛ ሎጉ ላይ ያንን ሰዓት ፈልገህ ከሱ በላይ ያለውን መስመር ታነባለህ። እኔ ደግሞ ስስቅብህ! እንደ ኪኒን ከምግብ በኋላ በላቸው እንጂ እያልኩ። በል እሺ አልኩ፣ አንተን ለማሳጣትም ቢሆን ልሞክረው። ለእትዬ አስቴር ወረቀት ሰጠኋቸው።

ሳምንቱን ጽፈው ኮምፒውተሩንም ወረቀቱንም አመጡልኝ። ሰኞ አራት ሰዓት ከሃያ። ማክሰኞ አራት ከሃያ አምስት። ሐሙስ አራት ከሃያ። ሎጉን ከፍቼ አራት ከሃያን ብፈልግ ባዶ! በሶስቱም ቀን ባዶ። ደስ አለኝ፣ ምን ላርግህ። እማዬ ምሳ ይዛልኝ ስትገባ «የባልሽ ዘዴ ከንቱ ነው፣ ማሽኑ ምንም አልጻፈም!» ብዬ ጮህኩ።

ምሳ ዕቃውን አስቀመጠችና «የማን አራት ሰዓት?» አለችኝ። «የኛ ነው የፈረንጅ?»

አባዬ፣ ኮምፒውተር ማብራት እንኳን የማታውቅ ሴትዮ! የሐኪም ቀጠሮህ ወረቀት ላይ ስምንት ሰዓት የሚለውን የኛ ስምንት መስሏት ከሰዓት ወስዳህ፣ ቀጠሮው ጠዋት ነበር ተብላችሁ የተመለሳችሁትን አልረሳችውም። እኔ የሀዋሳው ጎበዝ ኮፒ ቤቱ ተዘግቶ ሰው ሁሉ የተኛበትን ሰዓት ነበር ስመረምር የነበረው። አስር ከሃያ ላይ ወረድኩ። ቀይ ምልክት፣ ሰኞ። ቀይ፣ ማክሰኞ። ቀይ፣ ሐሙስ።

ከላዩስ? ከላዩ ምንም የለም፤ ማሽኑ በሰላም እየሰራ ነው፣ ከዛ ቁርጥ። ደብተርህን አወጣሁ፣ ያን የእንግሊዝኛውን ቃል ባማርኛ የምትፈታበትን። ስምንተኛ ክፍል ላቋረጠ ልጅ መቼስ ከሱ የተሻለ አስተማሪ የለም። «ዋርኒንግ፦ ኧረ ስማኝ ነው። ኤረር፦ ተሳሳትኩ ነው። ክሪቲካል፦ ወደቅኩልህ ነው።» ከስር ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ፦ «ሳይታመም ከወደቀ ማሽኑን ተወው፣ መብራቱን ጠይቅ።»

ኮምፒውተሩን ይዤላቸው ሄድኩና በማግስቱ ከአራት ሰዓት በፊት እሳቸው ጋ ተቀመጥኩ። አራት ከሃያ ሲሆን ተማሪው ለእረፍት ግር ብሎ ገባ፣ ትልቁ ኮፒ ማሽን መጮህ ጀመረ፣ ኮምፒውተሩ ድርግም። ሁለቱ ባንድ የሶኬት ማከፋፈያ ላይ ነበሩ፤ ኮፒ ማሽኑ ሲነሳ መብራቱን ይሻማዋል። ስነቅለው ኮምፒውተሩ የተሰካበት ቀዳዳ ከሰል መስሏል፣ ፕላስቲኩ ቀልጧል። ቤቱን እኮ ያቃጥለው ነበር! ኮምፒውተሩን ለብቻው ሌላ ሶኬት ላይ ሰካሁላቸው። ይኸው ሶስት ሳምንቱ፣ አንዴም አልሞተም። ተማሪዎቹም ጽሑፋቸውን አስረከቡ።

አሁን እትዬ አስቴር «ዶክተር» ነው የሚሉኝ፣ ተማሪ ሁሉ ወደኔ እየላኩ። እማዬም ኮስሞቲክስ የሚለውን ቃል አላነሳችም። ባለፈው እሁድ የሱቁን ትርፍ ቁልፍ፣ ያንተን፣ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝና ቡናዋን ልታፈላ ገባች።

የዛን ቀን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ወረድኩ። ልጅ ሆኜ ዓሣውን በጥድፊያ ስበላ እሾህ ጉሮሮዬ ላይ ተሰክቶ አንተ ጀርባዬን ስትደበድብ ትዝ አለኝ። ከዛ በኋላ ትልቅ ሰው ሆኜ እንኳን እሾሁን አንተ ነበርክ የምትለቅምልኝ። አሁን ራሴ እለቅማለሁ፣ ቀስ ብዬ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሆስፒታል ሆነህ ምን ደረሰ ብለህ የጠየቅከኝ የደንበኛ ላፕቶፕ፣ ዲስኩ ሞቷል ያልኩህ፣ አልሞተም ነበር። ሳላነብ ጠረግኩት። «ዓይንህ አያነብም» ስትለኝ አውቀህብኝ ነበር አይደል? ልክ ነበርክ። ይኸው፣ አስራ አንድ ወር አፌ ውስጥ የያዝኩት መልስ ይሄው ነው።

እኔ ልረሳህ? ሰው ማሽን ይዞልኝ በመጣ ቁጥር፣ ግማሽ ወረቀት በቀደድኩ ቁጥር አለህ። የኛ ሰዓት ይሁን የፈረንጅ ደግሞ ከላዩ አጽፋለሁ፤ እሱን እኔ ነኝ የጨመርኩልህ፣ አንተም አላሰብከውም።

ደብተርህ መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ጽፈህ ትርጉሙን ባዶ ትተኸዋል፦ «አንኤክስፔክትድ»። እትዬ አስቴር ሎግ ላይም ነበረ፣ ቀዩ ምልክት አጠገብ። ተማሪዎቹን ስጠይቅ «ያልተጠበቀ» አሉኝ። ያንተ አይነት አልመሰለኝም። እኔ በራሴ እጅ ሞላሁት፦ «ሳይሰናበት ሄደ ነው።»

ልክ ነኝ ወይስ ተሳሳትኩ? በህልምም ቢሆን ና። ደግሞ እንዳትቆይ፣ ቶሎ መልስልኝ።