በመርከቡ ገመድ ላይ የቆምኩበት ቀን

ይድረስ ሐረር ለሚኖረው ወንድሜ ለአግዋ፤

እንደምን ከረምክ? አምና ያስነክስህ የነበረው እግርህ ዳነ ወይስ እንደዚያው ቀረ? ዓይንህስ እንዴት ነው፣ አሁንም ደብዳቤ የምታነብልህ ልጅህ ፌበን ናት? ባለቤትህ አልማዜ፣ ልጆችህ፣ ከልጆችህ የተወለዱት፣ በግቢያችሁ የሚኖሩት ሁሉ እንደምን ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ጥርሴ ጥቂት ቢቀርም ዓሣ እበላበታለሁ፤ ከቤቴ ባሮ ዳር ድረስ ያለ ምርኩዝ ደርሼ እመለሳለሁ። ባለቤቴ አኬሎም ደህና ናት። ቀኑን ሙሉ ትቆጣኛለች፤ እንግዲህ ጤና አላት ማለት ነው። ጌታ ይመስገን።

ይህን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ዲቦራ ናት። እኔ በቋንቋችን እናገራለሁ፣ እሷ ባማርኛ ታሰፍረዋለች፤ ልጆችህ የእኛን ቋንቋ አያውቁምና። ሳትጨምር ሳትቀንስ እንድትጽፍ ነግሬያታለሁ። ስትጨርስ መልሳ ታነብልኛለች። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ጆሮዬ ግን አይታለልም።

አገሩ ሰላም ነው። አሁን ክልል ሆነናል። በየደጃፉ ቢሮ የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ትናንት መረብ ሲጠግን የማውቀው ልጅ ዛሬ ቦርሳ ይዞ ያልፋል፣ ሰላም ይለኛል፣ እኔም ሰላም እለዋለሁ። ባሮ ገና አልሞላም። ማንጎው ዘንድሮ ከመብዛቱ የተነሣ ፍየሎቹ እንኳ ጠግበው ትተውታል። ይህ ይበቃል። ያስጻፍኩት ለሌላ ነገር ነው።

ነገሩ የመጣው በገመድ ነው። የባሮ ወደብ ሲዘጋ ይዤው የቀረሁት የመርከብ ገመድ ትዝ ይልሃል፤ ከአልጋዬ ሥር ተጠቅልሎ ይኖር ነበር። በመጋቢት ጥዑመልሳን የሚባል አስተማሪ ከዲቦራ ጋር ቤቴ መጣ። ደገኛ ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ። ዲቦራን ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ የሚያስተምራት እሱ ነው። አባባ፣ ገመድዎን ያውሱኝ አለኝ። ምን ልታስርበት ነው አልኩት። ዓመታትን አለኝ። ወደ ዲቦራ ዞር ብዬ ሰውየው ጤነኛ ነው ወይ ስል በቋንቋችን ጠየቅኋት። ጤነኛ ነው አለች።

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። የድሮው መጽሐፍ ቀርቷል፣ አዲሱ አልደረሰም፤ የተገኘው አራት መጽሐፍ ለስልሳ ልጅ ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ። ልጆቹ የዓመት ቁጥር ይሸመድዳሉ፣ በማግስቱ የለም። ፈተናው ደግሞ በሰኔ ነው። ስለዚህ ገመዱን ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ማንጎው ዛፍ ሊዘረጋው አስቧል፤ አንድ ክንድ አንድ ዓመት። እሱ አንድ ነገር ሲጠራ ልጆቹ ጨርቅ ይዘው ነገሩ በሆነበት ዓመት ላይ ሮጠው ይቆማሉ። ጣልያን መቼ ገባ? ሮጥ። መቼ ወጣ? ሮጥ። የወደቡ ባንዲራ ከእንግሊዝ ወደ እኛ መቼ ተለወጠ? ሮጥ። እግራቸው ያወቀውን ራሳቸው አይረሳውም አለኝ።

ገመዱን ሰጠሁት። በየክንዱ ክር፣ በየአሥሩ ክንድ ቋጠሮ ያስፈልጋል ሲል ግን ቋጠሮውን ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም አልኩ። የወደብ ሰው ያልቋጠረውን ገመድ ልጆች ቢረግጡት ባንድ ቀን ይፈታል። ቁጭ ብዬ ቋጠርኩት። እስከ ዛሬ አንዱም አልተፈታም።

ገመዱ የእኔ ስለሆነ በየጊዜው እየሄድኩ ማየት ጀመርኩ። ሰውየው ጨዋታው ብዙ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ባሮ ዳር ይወስዳቸዋል። አንዱ ቡድን የሆነ ታሪክ መርጦ እንደ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንዱ ወረቀት እንደሚፈርም ያጎነብሳል፣ አንዱ ጠመንጃ እንደሚያስረክብ እጁን ይዘረጋል፣ ትንፍሽ የለም። ሌላው ቡድን ምን እንደሆነና መቼ እንደሆነ ያውቃል ወይም ይቀጣል፤ ቅጣቱ ዘፈን ነው። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች መጀመሪያ ቀን ልጆቹን ምን ነካቸው ብለው ውሃ ሊደፉባቸው ነበር።

የጭነት የሚሉትም ጨዋታ አለ። ክፍሉ ሁለት መርከብ ይሆናል። ሣር የተሞላ ጆንያ ላይ ጥያቄ ተሰፍቷል፤ የመለሰ ተሸክሞ መርከቡ ላይ ይጭናል፣ የሳተ አንዱን ያራግፋል። ታዲያ ጆንያውን እንደ ሕፃን በደረታቸው ያቅፉታል! ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ተነሥቼ ጆንያ ማጅራትና ትከሻ መካከል እንዴት እንደሚቀመጥ አሳየኋቸው። አስተማሪውም ሞከረና ከነጆንያው ወደቀ። ልጆቹ ሳቁ፣ እሱም አብሯቸው ሳቀ። ወድቆ የሚስቅ አስተማሪ ከዚያ በፊት አላየሁም። ያን ቀን ስለ ወደብ ሥራ ብዙ አወራኋቸው። አንተም የምታውቀውን ነገር አወራሁ፦ ጣልያን ወጥቶ መርከብ እንደገና በመጣበት ዓመት አለቃው አንተን ቀጥሮ እኔን ሂድና እደግ ብሎ እንዳባረረኝ፣ በሚቀጥለው ክረምት ግን ተመልሼ ሰውን ሁሉ እንዳስከነዳሁ። ጉራ ነው፣ አውቃለሁ። እውነት ስለሆነ ነው የነዛሁት።

ግንቦት ሲገባ ጥዑመልሳን ለፈተና መከለሻ ሌላ ጨዋታ አመጣ። ምስክር ይባላል። አንድ ሽማግሌ ከገመዱ አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንደኛው ቡድን ሽማግሌው ያየውን እየጠየቀ የተወለደበትን ዓመት ያገኝና ጨርቅ ያስቀምጣል፤ ሁለተኛው ቡድን ያንን ያፈርሳል። ሕጉ አንድ ነው፤ አንድ ምስክር ብቻውን አይበቃም። እኔን መረጡኝ። ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ሄድኩ።

የዲቦራ ቡድን ጠየቀኝ። ጣልያን ሲወጣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ አልኩ። ሮጠው ነጩን ጨርቅ 1913 ላይ አስቀመጡ። ከዚያ የሌላው ቡድን አለቃ ተነሣች። ኛዌች ትባላለች፣ የማታር አገር ልጅ ናት፤ ረጅም፣ ሳትቸኩል የምትናገር። አባባ፣ ሁለተኛ ምስክርዎ ማነው አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ አግዋ ነው፣ ሐረር ይኖራል አልኩ። እሱንም እናቁመው አለች። ዲቦራ ሰማያዊ ጨርቅ ይዛ ስለ አንተ ቆመች፣ ከእኔ ሁለት ክንድ ወደዚህ፣ 1915 ላይ።

ኛዌች እንደ ሥርዓታችሁ የታች ጥርሳችሁን ያስወጧችሁ ባንድ ቀን ነው ወይ አለችኝ። አይደለም፣ የአግዋ ቀደመ አልኩ። በስንት? ጣልያን ሲገባ የእሱ ድድ ድኖ ነበር፣ የእኔ ከሁለት ክረምት በኋላ ነው አልኩ። ወደ ልጆቹ ዞራ ከታላቁ በፊት የታናሹን ጥርስ የሚያስወጣ አባት በእናንተ ሰፈር አለ ወይ አለች። የለም ብለው ጮኹ። አሞኝ ነበር አልኩ። ሁለት ክረምት ሙሉ? አለች። ሳቁ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አባባ፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳን የወደብ አለቃ ሂድና እደግ ይለዋል ወይ አለችኝ። ከእኔው አፍ ሰምታ አስቀምጣው ኖሯል።

ያኔ ሰማያዊውን ጨርቅ አንሥታ ከእኔ በፊት ያስቀመጠችው ዲቦራ ራሷ ናት፤ ጥርስ የሚወጣው በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ነው ብላ አንተን 1916 ላይ፣ እኔን 1918 ላይ። ቡድኗ ተሸነፈ። አሁን ይህን መጻፍ አልፈለገችም፣ ጻፊው ብያት ነው።

ተነሥቼ ወጣሁ። ጥዑመልሳን በሩ ላይ ደረሰብኝና አባባ አይቀየሙ፣ ጨዋታ ነው አለኝ። ጨዋታ ከሆነ ለምን ትሮጣለህ አልኩት። ሌላ ምስክር ከተገኘ ጨርቁ ይነሣል፣ ታሪክ እንደዚያ ነው አለ። እንግዲያው ምስክር አመጣለሁ ብዬው ሄድኩ። ልጆቹን ላሳፍራቸው ነበር ሐሳቤ፤ አልደብቅህም።

በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ አባታችን አገር ወደ ጎግ ወረድኩ። የእናትህ፣ የእንጀራ እናቴ፣ ታናሽ እህት እዚያ አለች፤ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ልቧ ግን ደህና ነው። ከእኔና ከአግዋ ታላቁ ማነው አልኳት። እንደዚያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። ይህን ለመጠየቅ ነው በስተርጅና መኪና ላይ የተንጠለጠልከው አለችኝ። እሷ እንደ ነገረችኝ፣ ወንድሜ፣ እናትህ አንተን የወለደችው በወላጆቿ ቤት ነው፤ ይዛህ አባታችን ግቢ ስትገባ አምስት ክረምት ሞልቶህ ነበር። እኔ ገና አፌን መፍታቴ ነበር። ታላቅህ መጣ ቢሉኝ መሬት ላይ ተንከባለልኩ፤ ቤቱ የእኔ ነው፣ ታላቁ እኔ ነኝ ብዬ አገር ይያዝልኝ አልኩ። አባታችን ሳቀና እሺ፣ ታላቁ አንተ ነህ አለኝ። ከዚያ ሰው ሁሉ ለቀልድ ታላቁ ይለኝ ጀመር። ቀልዱን የሚያውቁት ሰዎች አንድ በአንድ ሞቱ፣ ስሙ እኔ ላይ ቀረ።

አግዋስ ያውቃል ወይ አልኳት። ያን ቀን እኮ እናቱን ይዞ ቆሞ ያይህ ነበር፣ እንዴት አያውቅም አለችኝ።

ወንድሜ፣ ከዚያ ወዲህ የማስበው አንድ ነገር ነው። በ1975 ከውትድርና ስትወጣ አልማዜን ይዘህ ጎግ መጣህ። በአባታችን ግቢ፣ ከሾላው ሥር፣ ቤት መሥራት እፈልጋለሁ አልከኝ። እኔ አይሆንም አልኩ። ዕድሜህን በሰው አገር ጨርሰህ ሚስትህም ከሰው አገር ናት፣ ሾላው ሥር የሚሠራው ታላቁ የፈቀደለት ነው፣ ታላቁ እኔ ነኝ፣ አልፈቅድም አልኩ። ሦስት ቀን ቆየህ። በአራተኛው ቀን ሻንጣህን አነሣህና ታላቄ ካለ ይሁን ብለህ ሄድክ። ያን ጊዜ ሥርዓት የምታውቅ ሰው መስለኸኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እያወቅህ ነው ለካ ያልከው። አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ፣ ያኔ በሕይወት የነበረችው እናትህ ትመሰክርልህ ነበር። አልተናገርክም። ሾላው ሥር እስከ ዛሬ ማንም አልሠራበትም።

ዲቦራ እዚህ ላይ ይቅርታ የሚል ቃል ልጨምርበት ወይ አለችኝ። እኔ ያልኩትን ብቻ ጻፊ አልኳት። ቃሉ ቀላል ነው፣ በየቢሮው ይባላል።

ያደረግሁትን ልንገርህ። ከጎግ እንደተመለስኩ ትምህርት ቤት ሄጄ ልጆቹ ፊት ቆምኩ። ምስክር አምጥቻለሁ፣ ምስክሬ የኛዌችን ነገር አጸና አልኩ። ልጅቷ አላጨበጨበችም፣ አልሳቀችም፤ ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች። ጨርቆቹንም በእጄ አጠበቅኋቸው፤ የአንተን ፊት፣ የእኔን ኋላ። ጥዑመልሳን ገመዱን ሊመልስልኝ ፈልጎ ነበር፣ እዚያው ይቆይ አልኩት። አልጋዬ ሥር ሆኖ ስንት ዓመት ምንም አልነገረኝም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። በጎጉ ግቢ በየዓመቱ በቆሎ አዘራለሁ፤ ዘንድሮም ተዘርቷል፣ ከሾላው ጥላ እስከ አጥሩ ድረስ። ግቢው የታላቅ ነው፣ እኔም ታላቁን ሳልጠይቅ ነው ያዘራሁት። በቆሎው በነሐሴ ይደርሳል። ልሰብስበው ወይስ አልሰብስበው? ፈቃድህን እጠይቃለሁ። በደብዳቤ መልስ እንዳልልህ፣ ታላቅ እንዲህ ያለውን ቃል በእኛ ዘንድ ግቢው ውስጥ ቆሞ በአፉ ነው የሚናገረው፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። አልማዜም ትስማ፤ ያኔ አይሆንም ስል ሰምታኛለችና። አንተ ካልመጣህ በቆሎው እዚያው ቆሞ ይደርቃል፣ ማንም እንዳይነካው ብዬ አዝዣለሁ። ይቅርታ፣ አዝዣለሁ ማለት አልነበረብኝም። ለምኛለሁ።

ለአልማዜ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የዚያን ጊዜ የሰጠሻትን ቅል አኬሎ እስከ ዛሬ ትጠጣበታለች በላት። ይህን ለምታነብልህ ለፌበን ሰላም በልልኝ፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታንብብ። ለወንዶቹ ልጆችህ፣ ለሚስቶቻቸው፣ ስማቸውን ለማላውቃቸው የልጅ ልጆችህ በየስማቸው ሰላም በልልኝ። ከዚህም አኬሎ ጉልበቱን ቅባት ይቀባ ትልሃለች። የዲቦራ ታናሽ እህት ፊልሞና ሐረር በየት በኩል ነው እያለች ትጠይቃለች። ጎረቤታችን ባለ ሱቁ ሙሐመድኑር፣ ሐረርን ስለሚያውቃት፣ ሰላም ብሎሃል። ዲቦራ ጨርቅህን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ አያቴ አልተቆጣኝም ብላ ልትጽፍ ፈልጋለች፤ ትጻፍ።

ፊርማ ስለሌለኝ አውራ ጣቴን ከታች አድርጌያለሁ።

ታናሽ ወንድምህ ኦጅዋክ

ጋምቤላ፣ ግንቦት 19 ቀን 1987 ዓ.ም.