የሰብሃት ካፖርት

እኔ ተድላ ኃይለመስቀል፣ ዕድሜዬ ስልሳ ስድስት፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሙሉ መሆኑን በምስክሮቼ ፊት አረጋግጬ፣ ዛሬ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ቦንጋ በመኖሪያ ቤቴ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። የሚጽፍልኝ በእምነት የሚባለው መምህር ነው። ያስገደደኝ የለም፤ የሚያስገድደኝም ገና አልተወለደም።

አንደኛ፤ ይህ ቤት ከነግቢው የባለቤቴ የየወርቅውሃ ነው። ማንም ልጅ ሽጪው እንዳይላት።

ሁለተኛ፤ ማንኪራ ያለው የቡና ጫካዬ፣ ቀፎ ከተሰቀለባቸው ዘጠኝ ዛፎች ጋር፣ ለልጄ ለምሥራቅ ሰብሃት ይሁን። ልጄ ሚሊዮን ባለፈው ፋሲካ "እሷ የሌላ ሰው ልጅ ናት፤ ጫካም ለወንድ ነው" ሲል ሰምቼዋለሁ። ከፍቶኝ ነበር፤ በዓሉ እንዳይበላሽ መልሱን ለሌላ ቀን አቆየሁት። መልሴ አሁን ይጻፍ። በእኛ ዘንድ ማር ሲቆረጥ ዛፍ ላይ የወጣው ብቻውን አይወስድም፤ ከታች ገመዱን ይዞ ቀፎውን የሚያወርደውም ድርሻ አለው። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ገመዱን የያዘችልኝ ምሥራቅ ናት። ሚሊዮን ንብ ይፈራል። ነውር የለውም፤ እኔም ታንክ እፈራ ነበር።

ሦስተኛ፤ ካፖርቱ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተያዘች ጠዋት እኔ የተሸነፈው ጦር አሥር አለቃ ነበርኩ። መሣሪያዬን ጥዬ ያገኘሁትን በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ የወርቅውሃ ናት፤ ሁለት ዓመት ያልሞላትን ምሥራቅን አዝላለች። ባሏ ሰብሃት ወደ ሰሜን ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። የደንብ ልብሴን አስወልቃ የሱን ካፖርት ሰጠችኝና "ባለቤቱ ሲመጣ ትመልሳለህ" አለችኝ። የዚያ ረጅም ጦርነት መጨረሻ ለእኔ ይህ ነው። በዓመቱ ካፖርቱን ከማር ጋር ልመልስ ሄድኩ፤ ሰብሃት አልመጣም። ሦስት ዓመት ጠብቀን ተጋባን። የልጅቱን የአባት ስም አልነካሁም።

ካፖርቱን ምሥራቅን አስፈቅጄ ለሚሊዮን ሰጥቻለሁ። እዚህ ላይ ጎረቤቴ ሰላሐዲን "ጋሽ ተድላ፣ እሱ እኮ ብል የበላው ነው፤ ይጻፍ?" አለኝ። ይጻፍ። ልጄ ሆይ፣ ይህ ካፖርት ባይኖር አንተም ባልኖርክ። እህትህን የሌላ ሰው ልጅ የምትላት ከሆነ ለብሰኸው በላት።

እኔ ከዚያች ጠዋት ወዲህ የኖርኩት፣ ነጋዴ ከስፍር በላይ እንደሚጨምረው፣ ምርቃት ነው። ደስ ብሎኝ ኖሬዋለሁ።

ተነቦልኝ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። ተድላ ኃይለመስቀል

ምስክሮች፤ ሰላሐዲን ኑሪ፣ ላቀች ውባየሁ፣ ዝማሬ ወርቅአፈራሁ

የጸሐፊው ማስታወሻ፤ ሚሊዮን ወራሽ ስለሆነ አልፈረመም፤ ሲነበብ ግን በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ምሥራቅ የተሳፈረችበት የሺሺንዳ አውቶቡስ ሊደርስ ስለሆነ፣ ዝናብ ነው ብሎ ካፖርቱን ለብሶ ሊቀበላት ወጥቷል።