መልሕቅ የደበቅሁበት ሳምንት

ሰኞ፣ ሐምሌ
ዛሬም አፌን ዘጋሁ። የጀልባ ማኅበራችን ኃላፊ ጓድ ታደሰ ስብሰባ ላይ፣ “ከዛሬ ጀምሮ ጀልባ ሁሉ ሐይቁ ላይ ካሉት በርሜሎች ይታሰር። መልሕቅ የሚጥል በአሻጥር ይጠየቃል” አለ። ባለፈው ሳምንት የአንዷ ጀልባ መልሕቅ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ወደቡን ስለገጨች ነው። በርሜሎቹ ከውሃው ግርጌ ካለ ኮንክሪት ጋር በሰንሰለት ተይዘዋል። ሰንሰለቱን ግን በግንቦት ውሃው ሲጎድል በእጄ ስቤ አይቼዋለሁ። ዝገት በልቶት እንደ ሽቦ ቀጥኗል። “አስተያየት ያለው?” ሲባል ሁሉም አጨበጨበ። እኔም።

ማክሰኞ
ስደርስ ጋሽ በላይ ጀልባቸውን ከጎኔ ካለው በርሜል አስረው ጨርሰዋል። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። “መልሕቅ ይሻልዎታል” ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የጓድ ታደሰ ሰው ዳር ቆሞ ያየናል። ለዓይን ያህል ገመዴን ከበርሜሉ አሰርሁ። ሰውየው ፊቱን ሲያዞር መልሕቄንም ቀስ አድርጌ ውሃው ውስጥ ሰደድሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ረቡዕ
ዝናብ። አልነገርኋቸውም። ስለ ልጃቸው ያወሩኝ ነበር፤ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ደብዳቤ የለም። በዚያ ላይ የሰንሰለት ወሬ ልጨምርባቸው?
ሰበብ ነው። ፈርቼ ነው።

ሐሙስ
ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነፋሱ ከሰሜን ተነሣ። እኔ ዳር ነበርሁ። ጋሽ በላይ ጀልባቸው ውስጥ ሞተር ይጠግናሉ። የሁለታችንም ሰንሰለት ተበጠሰ። የእኔዋ ባዶ ጀልባ በመልሕቋ ቀረች። የእሳቸው በርሜሉን እየጎተተች የዳሩ ድንጋይ ላይ ተሰባበረች። “መልሕቅ ይጣሉ!” እያልሁ ጮህሁ። አልሰሙኝም።
አስከሬናቸውን ዓሣ አጥማጆች አወጡት።

ዓርብ
ቀበርናቸው። ለባለቤታቸው ለእትዬ ይታይሽ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሰንሰለቱን፣ ዝምታዬን፣ የደበቅሁትን መልሕቅ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።
“ለእኔማ ነገርኸኝ” አሉ። “እነ ጓድ ታደሰ ግን ሰክሮ ነው የሞተው እያሉ ነው። እሱ ጠጥቶ አያውቅም።”
ተነሥቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ
ጓድ ታደሰ ቃል ስጥ ብሎ ጠራኝ። መልሕቄን አግኝተውታል። “ትእዛዝ ጥሰሃል” አለ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ “ሟቹ ሰክሮ እንደነበር ከጻፍህ ግን የአንተን ነገር እናየዋለን።”
ሰንሰለቱ መዛጉን፣ ከግንቦት ጀምሮ ማወቄን፣ ጋሽ በላይ መጠጥ እንደማይቀምሱ ጻፍሁ። ፈረምሁ። አነበበው። “ቤትህ ጠብቅ” ብቻ አለኝ።
ሚስቴ ጋቢና ቅያሪ ልብስ ቋጥራ በሩ አጠገብ አስቀምጣለች። መኪና በመጣ ቁጥር ሁለታችንም ወደ በሩ እንዞራለን። እስካሁን ሁሉም አልፈዋል።