ከምድጃችን አጠገብ ስለሚቀመጡት ሟች አጎቴ የቀረበ ምስጋና

ለቤቶች ደህንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

እጅግ የማከብርዎ ክቡር ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ቢሮዎንም ንጹሕ አየር እንደሞላው እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። የምጽፍልዎ ለማማረር አይደለም፤ መሥሪያ ቤትዎ ለቤተሰባችን የዋለውን ውለታ ሕዝብ እንዲያውቀው ብዬ ነው። በማተሚያ ቤት አራሚ ስለሆንኩ ነገሬን በቁጥር ማስቀመጥ ልማዴ ነውና ይታገሡኝ።

፩ኛ. በቅድሚያ ስለ ፈቃዱ አመሰግናለሁ። ያሳደጉኝ አክስቴ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ሲጠናባቸው፣ በሳሎናችን ግድግዳ ውስጥ ያለው አሮጌ ምድጃም ሙቀቱን ሁሉ በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ እየሰደደ እኛን ስላስቸገረን፣ በዚያው በአሮጌው ምድጃ አፍ ውስጥ በር ያለው የብረት ምድጃ ለማስገባት ወሰንን። ሠፈሩ «ቶሎ ቶሎ» እያለ የሚጠራው ብረት ሠሪ በግማሽ ቀን ገጥሞልን ሄደ። ከብረት ምድጃው የሚነሣው ቱቦ በጭስ ማውጫው ውስጥ አልፎ እስከ ጣሪያው መድረስ ነበረበት፤ እሱ ግን አንድ ክንድ ያህል አስኬደውና እዚያው ተወው፤ በብረት ምድጃው ዙሪያ የቀረውንም ክፍተት በቆርቆሮ ደፈነው። እኛ ይህን አላየንም፤ ማየት የእርስዎ ባለሙያ ሥራ ነበር። ባለሙያዎ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ጎንበስም ሳይሉ፣ የምድጃውን በር አንድ ጊዜ ከፍተው ዘጉና ማረጋገጫውን ፈረሙልን። ኮታቸው ጥላሸት ሳይነካው በመውጣቱ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

፪ኛ. ስለ ላኩልን እንግዳም አመሰግናለሁ። ምድጃው በተለኮሰ በሁለተኛው ሳምንት ድመታችን ሳሎን አልገባም አለች። እኔን ደግሞ ሥራ ስውል የሚተወኝ፣ ቤት ስገባ የሚመለስ ራስ ምታት ያዘኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ አክስቴ ከምድጃው በስተግራ ያለውን ወንበር አቧራውን ጠርገው፣ ሻይ በሁለት ብርጭቆ ቀድተው አገኘኋቸው። ወንበሩ የባላቸው ነው፤ ሰዓት ጠጋኙ አጎቴ ግን ከሞቱ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። አክስቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ባላቸው ከምሳ በኋላ እየመጡ እንደሚቀመጡ፣ ብዙም እንደማይናገሩ፣ መነጽራቸውን ብቻ እንደሚወለውሉ ነገሩኝ። ከቀብሩ ወዲህ እንደዚያ ቀን ፊታቸው ሲፈካ አይቼ አላውቅም።

ስለ አእምሯቸው ሠጋሁ። የእኔም ራስ ምታት አልተወኝ ሲል ምድጃው እንደገና እንዲታይልን ወደ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመስኮቱ ያሉት ሠራተኛ ሦስቱንም ጊዜ ማመልከቻዬን ተቀብለው በትሕትና ሸኙኝ፤ በመጨረሻው ቀንም «የኔ እመቤት፣ ማረጋገጫ ያለው ምድጃ አያፍንም» አሉኝ። ይህን የመሰለ ዕውቀት በነጻ ማግኘት ቀላል ዕድል አይደለም።

፫ኛ. በተከታዩ እሑድ ከምሳ በኋላ አክስቴ ሶፋው ላይ አሸልበው፣ እኔ ደግሞ ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ረቂቅ አርም ነበር። ከግራ በኩል ካለው ወንበር ሰው አነጠሰ። ቀና ሳልል፣ በልጅነቴ እንደለመድኩት፣ «ይማርዎት» አልኩ።

«ያኑርሽ» የሚል መልስ ሰማሁ።

ድምፁ የአጎቴ ነበር። የደነገጥኩት ግን በድምፁ አልነበረም፤ ልነሣ ስል እግሮቼ እምቢ አሉኝ። በዳዴ ሄጄ በሩን ከፈትኩና ተመልሼ አክስቴን መጎተት ጀመርኩ። እሳቸው ግን የወንበሩን እግር ጨብጠው አልለቅም አሉ። «ብቻውን ጥለነው?» አሉኝ። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው፤ ከዚያ ቀን የማስታውሰው ይህን ነው።

ኋላ ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ እንዳስረዱን፣ መውጫ ያጣው የእሳት ጋዝ ሽታም መልክም ሳይኖረው ወደ ክፍሉ ተመልሶ ሰውን ቀስ በቀስ ያደነዝዛል፤ የሌለም ያሳያል፤ ሌላ ግማሽ ሰዓት ብንቆይ ኖሮ ሁለታችንም አጎቴን ተከትለን ነበር። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ቆርቆሮውን ነቅለው ከጭስ ማውጫው ውስጥ ሦስት ባልዲ የፈራረሰ ጡብና የወፍ ጎጆ አወጡ፤ ቱቦውንም እስከ ጣሪያው አደረሱት። ኮታቸውን አውልቀው ነበር የሠሩት።

፬ኛ. አሁን ምድጃው ያለ እንከን ይነድዳል፣ ድመቷም ተመልሳለች፣ ራሴም ተሽሎኛል። አጎቴ ግን ቀሩ። ክቡር ሆይ፣ አክስቴ ባላቸውን አንድ ጊዜ ቀብረው፣ አልቅሰው፣ እንደ ምንም ተጽናንተው ነበር፤ መሥሪያ ቤትዎ መልሶ አምጥቶላቸው መልሶ ነጠቃቸው። አንድ ወር ሙሉ ሁለት ብርጭቆ እየቀዱ ጠበቁ። ከዚያ ግንበኛው ጡቡን ወደ ቦታው እንዲመልሱት ቀስ ብለው ለመኑኝ። እምቢ አልኳቸው። ባለፈው ሳምንት ምድጃው ማፈን ሲጀምር የቱቦውን መጥረጊያ ክዳን ከፈትኩ፤ ውስጡ ተጠቅጥቆ ያገኘሁት የአጎቴን ሻርፕ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ዛሬ ሥራ ስሄድ እሳቱን አጥፍቼ የምድጃውን በር እጀታ ነቅዬ በቦርሳዬ ይዤ እወጣለሁ። አክስቴ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው ከቀዘቀዘ ብረት አጠገብ ይውላሉ። አልዋሽዎትም፤ እኔም ብዕሬን አስቀምጬ ጆሮዬን ወደዚያ ወንበር የማዘነብልበት ጊዜ አለ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሌላ ቤት ማረጋገጫ ከመፈረሙ በፊት ጎንበስ ብሎ ሽቅብ የሚያይ ሰው ይላኩ።

ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለባለሙያዎችዎ ኮት የማይደበዝዝ ንጽሕና እየተመኘሁ፣ እስትንፋሷን ከእርስዎ ቢሮ እንደተዋሰች ከምትቆጥር አንዲት ትሑት ነዋሪ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ካበቃሁ በኋላ የመሥሪያ ቤትዎ መልስ ደረሰኝ። በማመልከቻዬ መሠረት አንድ ሌላ ባለሙያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ድረስ መጥተው አባወራውን በአካል እንዳነጋገሩ፣ አባወራውም ምድጃው እንደተስማማቸውና ምንም ቅሬታ እንደሌላቸው ገልጸው እንደፈረሙ፣ መዝገቡም እንደተዘጋ ይገልጻል። ማክሰኞ እኔና አክስቴ ሐኪም ቤት ነበርን፤ ቤታችንም ተቆልፎ ነበር። አክስቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና ባለሙያዎን ስለ ባላቸው አንድ ነገር እንድጠይቅላቸው አዘዙኝ። አደራዎን እርስዎ ይመልሱላቸው፦ «እኔንስ ጠየቀ?»